የኮሙኒኬሽን ምሁር ሥራ በጥቅስ ብዛት ሲመዘን

የማዕረግ ዕድገት ማመልከቻ በሚገባበት ሰሞን፣ ጅማ ውስጥ በመምህራን ክበብ ቡና ላይ የሚነሣው ጨዋታ ከደመወዝና ከቤት ኪራይ ይወጣና ማን ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ የማንስ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ወደሚለው ይሻገራል። ቀድሞ «የት አሳተምክ?» ይባል የነበረው አሁን «ኤች ኢንዴክስህ ስንት ደረሰ?» ሆኗል፤ የአንድን ሰው የጽሑፍ ብዛትና የመጠቀሱን ብዛት በአንድ ቁጥር የሚያጣምረው መለኪያ ማለት ነው። ጥያቄው የሚጠላ አይደለም፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚያጠና ሰው ጥናቱ የት እንደ ደረሰ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኮሙኒኬሽን እንደሚያስተምር ሰው፣ የጥቅስ ቁጥር አንድን ምሁር ለመመዘን የሚያገለግለው ቁጥሩን የሠሩትን ዐረፍተ ነገሮች ከፍቶ የሚያነብ ሰው ሲኖር ብቻ ነው ባይ ነኝ፤ በተለይም ተመዛኙ ጅማ ተቀምጦ ስለ ጅማና ስለ አካባቢዋ ሕዝብ ተግባቦት የሚጽፍ ከሆነ።

የጥቅስ ማውጫ፣ ማለትም የትኛው ጽሑፍ በየትኛው እንደ ተጠቀሰ የሚያሳየው መዝገብ፣ ሲጀመር ለሰው መመዘኛነት አልታሰበም። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ ያሳሰበው፣ አንድ ተመራማሪ የተመረኮዘበትን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ማን እንደ ተቸው፣ ማን እንዳረመው፣ ማን እንዳስፋፋው የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነበር። የሳይንስ ጥቅስ ማውጫው በ1964 ወጣ፤ የእኛን መስክ የሚያቅፈው የማኅበራዊ ሳይንስ ማውጫ ደግሞ በ1973 ተከተለ። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውም ቢሆን የመጽሔት እንጂ የደራሲ መለኪያ አይደለም፤ አንድ ጆርናል ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ አማካይ ነው። ስለ አንድ ምርጫ ዘገባ የሚያጠና ሰው ጋዜጣውን ሰብስቦ፣ ኮድ አድርጎ፣ ጽፎ፣ የገምጋሚዎችን አስተያየት መልሶ እስኪያሳትም ድረስ የሚሄደውን ጊዜ ለሚያውቅ፣ ሁለት ዓመት ጠባብ መስኮት መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም።

ኤች ኢንዴክስን ያመጣው ጆርጅ ሂርሽ የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሊቅ ሲሆን ዓመቱም 2005 ነው። ስሌቱ ከስሙ ይቀላል፤ አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ካሉት፣ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ግን ከሌሉት፣ ኤች ኢንዴክሱ አራት ነው። አንድ የኮሙኒኬሽን ምሁር ስምንት ጽሑፎች አሉት እንበል፤ የመጀመሪያው 23 ጊዜ፣ ሁለተኛው 14፣ ሦስተኛው 9፣ አራተኛው 5፣ አምስተኛው 4፣ ስድስተኛው 2 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ሁለቱን ማንም አልነካቸውም። ከላይ ወደ ታች ስንቆጥር አራተኛው ጽሑፍ ቢያንስ አራት ጊዜ ተጠቅሷል፤ አምስተኛው ግን አምስት አልሞላም። ስለዚህ የዚህ ሰው ኤች ኢንዴክስ 4፣ ጠቅላላ ጥቅሱ 57 ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ነገ ተነሥቶ ሦስት መቶ ጊዜ ቢጠቀስ ኤች ኢንዴክሱ ከአራት ንቅንቅ አይልም። ቁጥሩ በጎ ጎን አለው፤ በአንድ ዕድለኛ ጽሑፍ ብቻ ስም እንዳይገነባ ያደርጋል። በአንጻሩ ጥቂት ግን ጠንካራ ነገር የሚጽፈውን ሰው ይቀጣዋል፤ ሦስት ጽሑፍ ብቻ ያለው ሰው፣ ሦስቱም የመስኩ መሠረት ቢሆኑ፣ ከሦስት በላይ ማግኘት አይችልም።

ይህ አኃዝ ደግሞ ከየት እንደ ተቀዳ ይለያያል። የምርምር ጽሑፎችን የሚመዘግቡትና ጥቅሳቸውን የሚቆጥሩት ጉግል ስኮላርና ስኮፐስ ሁለቱም በ2004 ወጡ፤ የሚቆጥሩት ግን አንድ አይደለም። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጥናቱንም፣ የጉባኤ ጽሑፉንም፣ የድርጅት ሪፖርቱንም ይለቅማል፤ ስኮፐስና ሌላው ማውጫ ዌብ ኦፍ ሳይንስ መርጠው ያስገቧቸውን ይቆጥራሉ። በዚህም ምክንያት የአንድ ሰው ቁጥር በሦስቱ ቦታ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ በግል ማኅደሩ ላይ ግን ሁሉም የጉግሉን ይጽፋል፤ ትልቁ እሱ ነውና። እኔም ብሆን ያንኑ ነው የምጽፈው፤ ከየት እንደ ተወሰደና በየትኛው ቀን እንደ ታየ አብሮ እስከ ተጻፈ ድረስ ነውር የለበትም።

ወደ ራሳችን መስክ ስንመጣ ጥቅሶች የሚከማቹበት ቦታ ብዙ ይናገራል። አሜሪካውያኑ ምሁራን ማኮምብስና ሾው በ1972 ያሳተሙት፣ መገናኛ ብዙኃን ሕዝቡ ስለ ምን እንደሚያስብ ይወስናሉ የሚለው የአጀንዳ ቀረጻ ጥናት የተመሠረተው በ1968ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰሞን ቻፕል ሂል በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን በመጠየቅ ነበር። መቶ ሰው፣ አንድ ከተማ። ዛሬ ከጅማ አንድ ተማሪ በአንድ ከተማ መቶ ሰው ጠይቆ ቢመጣ «ናሙናህ አነሰ፣ ለአጠቃላይ ድምዳሜ አይበቃም» ብለን የምንመልሰው እኛው ነን። ሮበርት ኤንትማን በ1993 በጆርናል ኦፍ ኮሙኒኬሽን ያሳተመው የፍሬሚንግ (አንድን ጉዳይ ከየትኛው ጎኑ አጉልቶ የማቅረብ) ጽሑፍም ጥቂት ገጾች ያሉት የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ተጠቅሷል። እኛ ዘንድም የመመረቂያ ጥናት ምዕራፍ ሁለት ያለ ኤንትማን አይከፈትም፤ አንዳንዴም ጥቅሱ ከጽሑፉ ሳይሆን አምና ከተመረቀ ተማሪ ቴሲስ እንደ ተገለበጠ፣ ዐብራ በተገለበጠችው የፊደል ግድፈት ይታወቃል። ቁጥር ውስጥ ሲገባ ግን ያም አንድ ጥቅስ ነው።

እንዲህ ያሉት ሥራዎች ክብር ይገባቸዋል። የማነሣው የመንገዱን አቅጣጫ ነው። ከጅማ የሚወጣ ጥናት ንድፈ ሐሳቡን ከቻፕል ሂል ይወስዳል፤ ቻፕል ሂል ያለው ሰው ግን ስለ አሜሪካ ጋዜጦች ሲጽፍ የጅማን ጥናት የሚጠቅስበት ምክንያት የለውም፤ ስለ አሜሪካ ጋዜጦች መጻፍ «ጠቅላላ» ሲባል፣ ስለ ኢትዮጵያ ራዲዮ መጻፍ ደግሞ «የአንድ ሀገር ጉዳይ» ስለሚባል ነው። በ2018 በዚያው በጆርናል ኦፍ ኮሙኒኬሽን የወጣና 12 የመስኩን መጽሔቶች ከ1990 እስከ 2016 የመረመረ ጥናት፣ ነጭ ያልሆኑ ምሁራን በኅትመትም፣ በመጠቀስም፣ በአርታዒነትም ከሚገባቸው በታች እንደሚገኙ በቁጥር አሳይቷል። መስኩ ራሱን በራሱ መለኪያ መዝኖ ያገኘው ነገር ነውና ማስተባበያ አይገኝለትም።

አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሮበርት ሜርተን በ1968 ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከማቴዎስ ወንጌል «የማቴዎስ ውጤት» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና ይበዛለትማል፤ ከሌለው ግን ያው ያለው እንኳ ይወሰድበታል» ከሚለው። ዝነኛው ይጠቀሳል፤ ስለ ተጠቀሰም ይበልጥ ይታወቃል፤ ስለ ታወቀ ደግሞ ይጠቀሳል። የሚያስገርመው፣ ሜርተን የተጠቀመባቸው ቃለ መጠይቆች በአብዛኛው የሶሺዮሎጂስቷ የሃሪየት ዙከርማን ነበሩ፤ ጽሑፉ በሁለታቸው ስም መውጣት ይገባው እንደ ነበርም እሱው ዘግይቶ አምኗል። ዝናው ግን እስከ ዛሬ የሚሄደው ወደ እሱ ነው።

ጅማ ላይ ሌላ ጠመዝማዛ ነገር ይጨመራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተመሠረተው በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ ተዋሕደው ነው፤ ስለዚህ የጤናው ምርምር ሥሩ የጠለቀ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ መጽሔት በዓለም አቀፍ የሕክምና ማውጫዎች ይገኛል፤ ተማሪን ከኅብረተሰቡ ጋር አገናኝቶ የማስተማር ልማዱም ቆየት ያለ ነው። አንድ የኮሙኒኬሽን መምህር ከጤና ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ስለ ወባ አጎበር ወይም ስለ እናቶች ክትትል መልእክቶች ቢጽፍ፣ ስድስት ደራሲ ያለበት ጽሑፍ ይወጣል፤ የጤና መጽሔቶች ብዙ ናቸው፣ አንባቢያቸው ብዙ ነው፣ ዋቢያቸውም ረጅም ነው፤ ጥቅሱም ለስድስቱም ሙሉ ሙሉውን ይቆጠርላቸዋል። ይኸው መምህር ብቻውን ተቀምጦ የአፋን ኦሮሞ ራዲዮ ውይይት ውስጥ አድማጭና አዘጋጅ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ማን ማንን እንደሚያቋርጥ፣ ምርቃትና ተረት የት ቦታ እንደሚገቡ ከቅጂ ላይ ቃል በቃል ገልብጦ ቢተነትን፣ የዚህኛው ድካም ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሱ ግን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው የኮሙኒኬሽን ጥናት ነው ቢባል፣ እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ኤች ኢንዴክሱ ግን ወደ መጀመሪያው ይገፋዋል፤ ወጣት ባልደረቦቼ ቀስ በቀስ ወደ ጤናው ሲያዘነብሉ ሳይ ምክንያቱን ለመገመት አልቸገርም።

ስለ ስም ደግሞ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ እዚህ ላይ ያለው ጉዳት ተራ የሚመስል ግን በቀጥታ ቁጥር የሚያጎድል ነውና። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። የመጽሔቱ ቅጽ «የመጨረሻ ስም» ሲል የአባትን ስም እንሞላለን፤ የራሳችን ስም አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀራል። ጅማ ውስጥ መሐመድ የሚባል አባት ያለው መምህር ብዙ ነው፤ ሁሉም «መሐመድ፣ ኤ» ይሆናሉ። ይባስ ብሎ መሐመድ ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። የኦሮሞ ስም ያለውማ ሁለት ልማድ መሐል ይወድቃል፤ ጫላ የተባለ ሰው በቁቤ ሲጽፍ በ«ሲ» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጽፍ በ«ሲ ኤች»፤ አናባቢዎቹንም አንድ ጊዜ ይደርባቸዋል፣ ሌላ ጊዜ ይተዋቸዋል። ማሽኑ ሁለት ሰው አድርጎ ይመዘግበዋል።

ጉዳቱን ለማየት ቅድም ወደ ጠቀስኩት ባለ ስምንት ጽሑፍ ምሁር እንመለስ። 23፣ 9 እና 2 ጊዜ የተጠቀሱት በአንዱ አጻጻፍ፣ 14፣ 5 እና 4 ጊዜ የተጠቀሱት በሌላው አጻጻፍ ተመዝግበው ቢገኙ፣ ኤች ኢንዴክሱ በመጀመሪያው ገጽ 2፣ በሁለተኛው 3 ይሆናል። አራት የነበረው ሰው የትም ቦታ አራት አይደለም። ያው ሰው ነው፣ ያው ሥራ ነው፤ የጎደለው የፊደል ስምምነት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ አለ፤ አንድ መምህር አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ መለያውን አውጥቶ፣ የጉግል ስኮላር ገጹን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ቢያጸዳ ነገሩ ይስተካከላል። ገጹን ሲያጸዳ የእሱ ያልሆኑትን «መሐመድ፣ ኤ»ዎችም ማውጣት እንዳለበት መቼም አይዘነጋም፤ እነሱን ማውጣት ግን ሁሉንም ደስ እንደማያሰኝ ታዝቤያለሁ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ስኮፐስ አንድን መጽሔት ለመቀበል የእንግሊዝኛ አኅጽሮተ ጥናትና በላቲን ፊደል የተጻፈ ዋቢ ይጠይቃል። በአማርኛ የተጻፈ ጥናት ዋቢው ሁሉ በግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ የተጠቀሱት ሰዎች እንዳልተጠቀሱ ናቸው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው ገዳ ጆርናል በአፋን ኦሮሞም ጽሑፍ ስለሚቀበል የማከብረው ነው፤ እዚያ የሚጽፍ ሰው ግን ከቁጥሩ ይልቅ አንባቢውን እንደ መረጠ ዐውቆ ነው የሚጽፈው። ሌላም ማንም የማያስበው ችግር አለ፤ በቀደሙት ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተተየቡት የአማርኛ ጽሑፎች በዓይን ሲታዩ አማርኛ ይሁኑ እንጂ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። አንዱን አንቀጽ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ብትለጥፉት ታዩታላችሁ። መፈለጊያው የሚያነበው ያንን ዝብርቅርቅ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ እያለ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ከማውጫው ውጭ የሚቀረውን ሥራ እናስብ። አንድ ምሁር በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የገጠር እናቶች ከሰዓት በኋላ ራዲዮ አጠገብ እንደማይገኙ በጥናት አሳይቶ፣ የማኅበረሰብ ራዲዮ አዘጋጆች የጤናውን ፕሮግራም ወደ ማታ ቢያዛውሩት፣ ያ ጥናት ሥራውን ሠርቷል። አዘጋጆቹ የስርጭት ሰዓት ሲቀይሩ ግን የግርጌ ማስታወሻ አይጽፉም። በኮሙኒኬሽን መስክ ውስጥ ከሁሉ የሚቀርበን ተጠቃሚ ጋዜጠኛው፣ የወረዳው የኮሙኒኬሽን ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው፤ ሦስቱም አንብበው ይጠቀማሉ እንጂ አይጠቅሱም። የተጻፈ ማስረጃ ግን ማግኘት ይቻላል፤ ሰዓቱ የተቀየረበት ቃለ ጉባኤ፣ ሥልጠናው የተሰጠበት ሰነድ፣ የአዘጋጁ ደብዳቤ። ምሁራን እነዚህን የማናስቀምጠው ማንም ስለማይጠይቀን ነው።

ቁጥር ብቻ ሲጠየቅ ምን እንደሚመጣ ከኢሜይል ሳጥኔ አየዋለሁ። «እጅግ የተከበሩ ታላቁ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ስለ ራዲዮ ቋንቋ የጻፍሁትን አድንቆ ለጥርስ ሕክምና መጽሔት ጽሑፍ እንድልክ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እነዚህን ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙ «አዳኝ» አሳታሚዎች እየመዘገበ ያወጣው የነበረው ዝርዝር በጥር 2017 ተዘጋ፤ አሳታሚዎቹ ግን አልተዘጉም። አንድ ወጣት ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ያነጋገረኝ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጆርናል ሁለት መቶ ዶላር ነው የሚጠይቀው፤ በአሥር ቀን እናወጣልሃለን ብለውኛል።»

«ታዲያ ገምጋሚው መቼ ሊያነበው ነው?»

«አያነቡትም መሰለኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ግን ማዕረጉ እኮ በዚህ ዓመት ካልሆነ…» ብሎ ተወው። የሚወቀሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቆጥሮ የሚቀበለው ኮሚቴ ከሌለ ሁለት መቶ ዶላሩን የሚከፍል አይኖርም።

መመዘኛዎቹን ስለ ማስተካከል ዓለም ብዙ ተናግሯል። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው መግለጫ የመጽሔትን ኢምፓክት ፋክተር ለግለሰብ መመዘኛነት አትጠቀሙ ይላል፤ በ2015 ኔቸር ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ካሉት ዐሥር መርሖች አንዱ ደግሞ ለአካባቢ ጠቃሚ የሆነ ምርምር የላቀው ጥራት እንዲጠበቅለት በግልጽ ያስቀምጣል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ግን ማን ምን ያድርግ የሚለውን አይነግሩም።

እኔ የምለው ይህ ነው። ጉግል ስኮላር ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ያለውን የጥቅስ ቁጥር ስትጫኑት የጠቀሱት ጽሑፎች ይዘረዘራሉ። ከእነዚያ ጥቂቱን ክፈቱና የምሁሩ ስም ያለበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት «መገናኛ ብዙኃን በገጠር ጤና ረገድ ሚና እንዳላቸው በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል» የሚል ነጠላ ዐረፍተ ነገርና ከኋላው በቅንፍ የተደረደሩ ስድስት ስሞች ነው፤ የምሁራችን ስም አራተኛው ላይ ተቀምጧል፤ ባይኖርም ዐረፍተ ነገሩ አይጎድልበትም። አልፎ አልፎ ግን «የዚህን ጥናት መጠይቅ ወስደን በሁለት ወረዳዎች ሞከርነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ በአርብቶ አደሩ ዘንድ አልሠራም» የሚል ይገኛል። ይህኛው ሥራውን በእጁ ይዞ ፈትኖታል፤ መተቸቱም ክብር ነው፤ ጋርፊልድ በ1955 ፈልጎት የነበረውም ይኸው ነው። ሁለቱ በቁጥር እኩል አንድ አንድ ናቸው። ስድስት ያህል እንዲህ ያለ ጥቅስ ያለው ሰው፣ ስልሳ የቅንፍ ጥቅስ ካለው ይበልጥብኛል።

ይህን ሐሳብ ሳነሣ የሚመጣብኝ መልስ «ጊዜ የለም፤ ደግሞም ለአድልዎ በር ይከፍታል» የሚል ነው። አድልዎ እንደሆነ ቁጥርም አላስቀረውም፤ ጽሑፍ ላይ ያልሠራ ስም መጨመርና እርስ በርስ መጠቃቀስ የምናውቃቸው ነገሮች ናቸው። ጊዜውንም ቢሆን አመልካቹ ራሱ ያግዝ፤ ዐረፍተ ነገሮቹን እሱ ያቅርብ፣ ኮሚቴው ያመሳክር።

ለራሴ ማመልከቻ ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። ከኤች ኢንዴክሱ በታች፣ ሥራዬን በትክክል የተጠቀሙበትን ወይም የተቹትን ዐረፍተ ነገሮች ከነጽሑፎቹ ርእስና ገጽ ገልብጬ፣ ከራዲዮ አዘጋጆች የተሰጠኝን ደብዳቤ ጨምሬ አንድ ገጽ አዘጋጀሁ። ፋይሉን የተቀበለችኝ የቢሮ ሠራተኛ ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አየችና «መምህር፣ ይቺን የት ላስገባት? ቦታ የላትም እኮ» አለችኝ። ጥቂት ተመካክረን «ሌሎች» ከሚለው ሥር፣ ከሥልጠና ሰርተፍኬቶቹ ኋላ አያያዘቻት።